ገላውዴዎስ ማለት አንካሳ ነው ወይ? ስለ ክላውዲዩስ ቤተሰብ ስም የተነሳ ውይይት

በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ጥያቄውን የከፈተው አንድ አባት ነው። ልጁን ገላውዴዎስ ብሎ ስም አወጣለት። የሥራ ባልደረባው ስሙን ሲሰማ ሳቀ። በላቲን አንካሳ ማለት እንደሆነ ነገረው። አባትየው ስሙን የሚያውቀው በሰማዕቱና በንጉሡ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠየቀ። ስሙ ከጥንቱ የሮም ቤተሰብ ከክላውዲዩሶች የመጣ ነው ወይ? ትርጉሙስ የተባለው ነው ወይ? ከሆነስ አንድ ስመ ጥር ቤተሰብ ይህን ስም ይዞ እንዴት ለዘመናት ኮራበት?

እኔን የያዘኝ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። መልሶቹን ከ1ኛው እስከ 33ኛው ተከታትያለሁ፤ ገብቼም ጽፌያለሁ። ጥሩ ጥሩ ነገር ስለተባለበት እንደ አመጣጡ ላውጋችሁ።

1ኛው መልስ ጨዋና አጭር ነበር። ጸሐፊው እንኳን ማርያም ማረቻት ብሎ ጀመረ። ከዚያ ባልደረባው ያለው እውነት መሆኑን አረጋገጠ። በላቲን ክላውዱስ የሚያነክስ ሰው ነው። መጨረሻው ላይ የምትገባው ዩስ ደግሞ ቃሉን የቤተሰብ ስም ታደርገዋለች፤ ዩልዩስና ኮርኔልዩስ ላይ እንዳለችው። ስለዚህ ክላውዲዩስ የአንካሳው ወገን እንደማለት ነው አለ።

2ኛው ተስማማና አባትየውን ለማጽናናት ሞከረ። ሮማውያን ሰውን በመልኩና በአካሉ መጥራት ልማዳቸው እንደነበር ጻፈ። ክራሱስ ወፍራም ነው። ሲሴሮ ከሽምብራ የመጣ ስም ነው። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርኮስ እንደጻፈው ከሲሴሮ አያቶች አንዱ የአፍንጫው ጫፍ እንደ ሽምብራ ሰርጎድ ያለ ነበር። ሲሴሮ ወደ ፖለቲካ ሲገባ ወዳጆቹ ስሙን እንዲቀይር መከሩት። እሱ ግን ከታላላቆቹ ቤተሰቦች ስም በላይ አስጠራዋለሁ ብሎ እምቢ አለ።

3ኛው መልስ ላይ ድምፁ ትንሽ ከረረ። 2ኛው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደቀላቀለ ተነገረው። አንድ ሮማዊ ወንድ ብዙ ጊዜ ሦስት ስም አለው። መጀመሪያ የራሱ መጠሪያ ይመጣል። ቀጥሎ የወገኑ ስም ይመጣል። መጨረሻ ላይ የቅጽል ስም ይከተላል፤ እሱም ውሎ አድሮ የቤተሰቡ ቅርንጫፍ መለያ ይሆናል። ሽምብራና ወፍራም የሚሉት ከሦስተኛው ወገን ናቸው። የሲሴሮ የወገን ስም ቱልዩስ ነው። ክላውዲዩስ ግን የወገን ስም ስለሆነ በቅጽል ስም ምሳሌ ሊፈታ አይገባም። እርማቱ ትክክል ነው። ውይይቱንም መስመር አስይዞታል።

4ኛዋ ጠያቂ ሴት ናት። ሴቶቹስ ምን ይባሉ ነበር አለች። 5ኛው መልስ ሰጣት። የክላውዲዩስ ልጅ ሁሉ ክላውዲያ ናት። ሁለት ከሆኑ ታላቋና ታናሿ ተብለው ይለያሉ፤ ሦስተኛ ከመጣች ሦስተኛዋ ትባላለች። ጠያቂዋ ይህን ስታነብ ተናደደች። ጥቂት ሰዎችም አብረዋት ተናደዱ። ነገሩ ግን እዚያው ቆመ።

ዋናውን ነገር ያመጣው 6ኛው ነው። የሮሙን ታሪክ ጸሐፊ ሊቪዩስን ጠቅሶ ታሪኩን ከሥሩ ተረከው። ሮማውያን ነገሥታቶቻቸውን ካባረሩ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። በልማድ የሚሰጠው ዓመት 504 ቅ.ል.ክ. ነው። ጎረቤቶቻቸው ሳቢኖች ከሮም ጋር እንዋጋ ወይስ እንታረቅ እያሉ ተከፋፍለዋል። ሬጊሉም በሚባል የሳቢኖች ከተማ አቱስ ክላውሱስ የሚባል ባለጸጋ ነበር። እሱ ሰላም ይሻላል ባይ ነው። ተቃዋሚዎቹ ሲበረቱበት ወገኑንና ተከታዮቹን ይዞ ወደ ሮም ገባ። ሮማውያን ተቀበሉት። ዜግነት ሰጡት፣ ከአኒዮ ወንዝ ማዶ መሬት ሰጡት፣ ከመኳንንቱም ቆጠሩት። በሮም አፍ ስሙ አፒዩስ ክላውዲዩስ ሆነ።

7ኛው ከፕሉታርኮስ ቁጥር ጨመረ። አብረውት የገቡት 5,000 ቤተሰቦች ናቸው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 2 ዩጌራ፣ ማለት ግማሽ ሄክታር ገደማ፣ መሬት ተሰጠ። ለክላውሱስ ለራሱ 25 ዩጌራ ደረሰው። የነገሥታቱን ታሪክ የጻፈው ሮማዊው ስዌቶኒዩስ ደግሞ ሌላ ነገር ያክላል፤ ከካፒቶሊን ኮረብታ ሥር ለቤተሰቡ የመቃብር ቦታ ተሰጥቷል። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ትናንት ከጠላት አገር ለመጣ ሰው በከተማው እምብርት የመቃብር ቦታ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። ከእንግዲህ ከዚህ አትሄድም ማለት ነው።

8ኛው ጥያቄውን በአንድ መስመር አስቀመጠ። ሰውየው ሳቢን ከሆነ ስሙን በላቲን መፍታት ከየት መጣ?

9ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሐሳቤ ይህ ነው። ሰውየው ሮም ሲገባ ስሙን ይዞ ነው የገባው። ስሙም ክላውሱስ ነበር። ያን ስም ላቲን ተናጋሪ ሲሰማው የተዘጋ የሚል ቃል ይሰማዋል። ክላውዲዩስ ሲባል ደግሞ የሚያነክስ የሚለው ቃል ይመጣበታል። ሁለቱም የሚመጡት ከሰሚው ቋንቋ ነው። ከሌላ ሕዝብ የመጣን ስም በራስህ ቋንቋ ፈትተህ ባለቤቱ ይህን ማለቱ ነበር ማለት አይቻልም። የቋንቋ ሊቃውንት እዚህ ላይ አይስማሙም፤ ከክላውዱስ ጋር የሚያያይዙት አሉ፣ መመሳሰሉ የድምፅ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ስለዚህ ለአባትየው የጻፍኩት፣ ባልደረባህ የነገረህ ቃሉ ላቲኖች ጆሮ ላይ ምን እንደሚመስል ነው፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ግን አልነገረህም የሚል ነው።

10ኛው አልተዋጠለትም። በሹል ብዕር ነው የመጣው። ሊቪዩስ የጻፈው ነገሩ ሆነ ከተባለ ከ450 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚያ ላይ የሮም ትልልቅ ቤተሰቦች ለራሳቸው የዘር ሐረግ ሲፈጥሩ ኖረዋል፤ የዩልዩስ ቤተሰብ እኮ ከፍቅር አምላኳ ከቬኑስ እንወለዳለን ይል ነበር። አቱስ ክላውሱስም የዚሁ ዓይነት ተረት ነው ብሎ ደመደመ። 6ኛውንና 7ኛውን የዋሆች አላቸው፤ እኔንም ጨመረ።

11ኛው የመለሰለት መልስ ከውይይቱ ሁሉ ጠንካራው ይመስለኛል። ክብር ፈልጎ የሚፈጥር ሰው አማልክትን ይፈጥራል እንጂ ከአገሩ ሸሽቶ የመጣ የጠላት ወገን አባት ነው ብሎ አይፈጥርም። ዩልዩሶች ቬኑስን መረጡ፤ ክላውዲዩሶች የያዙት ግን ስደተኛ ነው። በዓመቱ ላይ ግን ክርክር አለ ሲል ራሱ አመነ። ስዌቶኒዩስ ሁለት ወሬ ነው ያስቀመጠው። አንዱ ቤተሰቡን በሮሙሉስ ዘመን ከሳቢኑ ንጉሥ ከታቲዩስ ጋር ያስገባል። ሌላውና ብዙ ሰው የተቀበለው ከነገሥታቱ መባረር በኋላ ያደርገዋል። ሁለቱም ግን ሳቢንነቱን አይክዱም።

12ኛው ከ10ኛው ጋር ወግኖ ተሳደበ። 13ኛውን አወያዩ አጥፍቶታል፤ ቦታው ብቻ ቀርቷል።

14ኛው ሐኪም ነው። ግጭቱን ለማብረድ ይመስላል ከሙያው አንድ ነገር ወረወረ። የእግር ደም ሥር ሲጠብ በሽተኛው ጥቂት ሄዶ ባቱን ያመዋል፤ አረፍ ሲል ይተወዋል። ይህ ሕመም ክላውዲኬሽን የሚባለው ከዚያው ማነከስ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ከሐኪም ቤት ወረቀት ላይ ያየ ሰው ባልደረባህን አስተምሮት ይሆናል ብሎ ገመተ።

ከዚህ በኋላ 15ኛው መጣ። ጸሐፊው በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ነው። እስከዚያ የተጻፈውን ሁሉ አንብቧል። ያስከፋው የስሙ ትርጉም አይደለም። ያስከፋው አሥራ አራት ሰው ከዚያ ትርጉም ለመሸሽ መሯሯጡ ነው። ስሙ አንካሳ ማለት ቢሆንስ ምን ነበረበት ብሎ ጠየቀ። እሱ ትምህርት ቤት እያለ በስሙ የጠራው ልጅ አልነበረም። የሚጠራው በእግሩ ነበር። አሁን አንድ አባት የልጁ ስም ወደ እሱ ቃል ተጠጋ ብሎ ሲደነግጥ ማየቱ ከባድ እንደሆነ ጻፈ።

እውነቱን ነው። የእኔን ጨምሮ ሁሉም መልስ ቃሉን እንደ እድፍ ነበር የያዘው። 1ኛውን መልስ የጻፈው ሰው 16ኛ ላይ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀው። ሌሎችም ተከተሉ።

17ኛው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ክላውዲዩስ የጻፈውም ለእሱው ነው። ይኸኛው ክላውዲዩስ በእውነት ያነክስ ነበር። በ10 ቅ.ል.ክ. ተወለደ። ሲራመድ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ሲናገር ይንተባተባል። እናቱ አንቶኒያ ተፈጥሮ ጀምራ ያልጨረሰችው ጉድ ትለው እንደነበር ስዌቶኒዩስ ጽፏል። ቤተሰቡ ለሹመት አላጨውም፤ መጽሐፍ ውስጥ ተደብቆ አደገ። በ41 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ካሊጉላ ሲገደል ቤተ መንግሥቱ ተተራመሰ። ክላውዲዩስ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ መጋረጃ ኋላ ተሸሸገ። አንድ ተራ ወታደር ሲያልፍ ከመጋረጃው ሥር እግሮቹን አየ። ማን ነህ ብሎ ጎትቶ አወጣው። ክላውዲዩስ ፈርቶ እግሩ ላይ ሲወድቅ ወታደሩ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ሰላምታ ሰጠው። ዕድሜው 49 ነበር። 13 ዓመት ገዛ። ብሪታንያን የያዘው ሠራዊት በ43 የዘመተው በእሱ ዘመን ነው። ለሮም እህል የሚራገፍበትን አዲስ ወደብ ኦስቲያ አጠገብ ያስጀመረውም እሱ ነው። ስሙን የያዘው የውኃ ድልድይ በ52 ተጠናቀቀ፤ ቅስቶቹ ሮም ዳርቻ ዛሬም ቆመዋል። 15ኛው ይህን አንብቦ አመሰገነ። ስለ መጋረጃው አያውቅም ነበር።

18ኛው ከንጉሠ ነገሥቱ ተነስቶ ወደ ስሙ መለሰን፤ ለእኔ ነገሩ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። በ48 ዓ.ም. ከዛሬዋ ፈረንሳይ የመጡ ባላባቶች የሮም ሸንጎ አባል እንሁን ብለው ጠየቁ። ነባሮቹ አጉረመረሙ። ክላውዲዩስ ተነስቶ ተከራከረላቸው። ማስረጃ ያደረገውም የራሱን ቤተሰብ ነው፤ የእኔ የመጀመሪያ አባት ክላውሱስ ሳቢን ሆኖ መጥቶ እዚህ ዜጋም ባላባትም ተደረገ አለ። 18ኛው ይህ ንግግር ሊዮን ከተማ በተገኘ የነሐስ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ይገኛል ሲል ጨመረ።

19ኛው እንደ አስተማሪ አረመው። ሰሌዳው በ1528 ሊዮን ውስጥ መገኘቱ እውነት ነው፤ ንግግሩም ያው ነው። ግን የላይኛው ክፍሉ ጠፍቷል። በተረፈው ላይ የሚነበበው ስለ ጥንት ነገሥታት ነው፤ ሳቢኑ ኑማ አለ፣ ታርኲን አለ፣ ሰርቪዩስ አለ። ክላውሱስ የሚጠራው ታሪክ ጸሐፊው ታኪቱስ በጻፈው ቅጂ ነው። ሁለቱን ማምታታት ተገቢ አይደለም። 18ኛው ትንሽ ከፋው እንጂ ተቀበለ። የሆነ ሆኖ ነገሩ አይለወጥም። ከ500 ዓመት በላይ የኖረ ቤተሰብ ልጅ፣ የዓለም ጌታ ሆኖ፣ ከሸንጎ ፊት ስደተኛ አባቱን ጠራ። ለአባትየው ሦስተኛ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ግን ቤተሰቡ ትሑት ነበር እንዳይባል 20ኛው ቸኩሎ ገባ። ክላውዲዩሶች በሮም በትዕቢታቸው የታወቁ ነበሩ። ፑብሊዩስ ክላውዲዩስ ፑልኬር በ249 ቅ.ል.ክ. ሲሲሊ ላይ ድሬፓና ለሚባል የባሕር ጦርነት ሲዘጋጅ የተቀደሱት ዶሮዎች ጥሬ አልበላ አሉ። ክፉ ምልክት ነው። እሱ ግን ካልበሉ ይጠጡ ብሎ ባሕር ውስጥ ጣላቸው። ጦርነቱን ተሸነፈ፤ አብዛኛው መርከብ ጠፋ። ከዓመታት በኋላ እህቱ ክላውዲያ በሕዝብ ግፊያ መካከል ሠረገላዋ አላልፍ ሲላት፣ ወንድሜ ቢነሳና ሌላ መርከብ አስጥሞ ይህን ሕዝብ ቢቀንሰው ብላ ተመኘች። በዚህ ንግግሯ ተከሳ ተቀጣች። 20ኛው ጥሩ ጎናቸውንም አልረሳም። በ312 ቅ.ል.ክ. ከሮም ወደ ካፑዋ የሚወስደውን የአፒያ መንገድ ያስጠረገው አፒዩስ ክላውዲዩስ ነው፤ በስተርጅና ዓይኑ ጠፍቶ ዕውሩ የሚል ቅጽል ወጣለት። መንገዱ በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

21ኛው ስለ ክሎዲዩስ አነሳ፤ ከክላውዲዩሶች አንዱ ነው። ይህ ሰው መኳንንትነቱን ትቶ ተራ ሕዝብ ለመሆን በ59 ቅ.ል.ክ. በዕድሜ ከእሱ በሚያንስ ሰው ጉዲፈቻ ገባ። ስሙንም እንደ ሕዝቡ አነጋገር ክሎዲዩስ አደረገው አለ። 22ኛው ይህ በየቦታው የሚደጋገም ወሬ ነው ብሎ ተቃወመ፤ እህቱም ክሎዲያ ትባል ነበር፣ እሷ ደግሞ ጉዲፈቻ አልገባችም። አው የሚለውን ኦ ብሎ መጥራት ሮም ውስጥ የተለመደ ነበር። ለዚህም የቬስፓስያኖስን ታሪክ አመጣ። ፍሎሩስ የሚባል ሹም ንጉሠ ነገሥቱን ፕሎስትራ ሳይሆን ፕላውስትራ በል ብሎ አረመው፤ ቃሉ ጋሪ ማለት ነው። በማግስቱ ቬስፓስያኖስ ሹሙን ፍላውሩስ ብሎ ጠራው። ይህን ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

23ኛው የራሳችን ታሪክ እያለ ምን ሮም ሮም ያሰኛችኋል ብሎ ቆጣ አለ። 24ኛው ሳይቆጣ መለሰለት። በ2ኛው መቶ ዓመት አክሱምን የንጉሥ መቀመጫ ብሎ በጂኦግራፊው የጻፈው የእስክንድርያው ሊቅ ክላውዲዩስ በጥሊሞስ ነው። ግሪክኛ የሚጽፍ የግብፅ ሰው ነው፤ የሮምን ቤተሰብ ስም ይዟል። 23ኛው አልመለሰም።

ይህ ለ25ኛው በር ከፈተ። የቤተሰቡ ስም ከቤተሰቡ እንዴት ወጣ? በሮም ሕግ ነፃ የወጣ ባሪያ የጌታውን የወገን ስም ይወስዳል። ዜግነት ያገኘ የውጭ አገር ሰውም ብዙ ጊዜ የሰጠውን ንጉሠ ነገሥት ስም ይይዛል። ንጉሠ ነገሥቱ ክላውዲዩስ ደግሞ ዜግነት በሰፊው ሰጥቷል። ታሪክ ጸሐፊው ካሲዩስ ዲዮ እንደሚለው መጀመሪያ በብዙ ገንዘብ ይሸጥ ነበር፤ በኋላ ረክሶ በሰባራ ብርጭቆ ይገኛል እስኪባል ደረሰ። 25ኛው ከሐዋርያት ሥራ ምሳሌ ሰጠ። ጳውሎስን ከሕዝብ ያዳነው የሻለቃው ስም ቀላውዴዎስ ሉስዮስ ነው። እሱ ራሱ ለጳውሎስ ዜግነቴን በብዙ ገንዘብ ገዛሁ ብሎታል። ሉስዮስ የግሪክ ስም ነው፤ ቀላውዴዎስ ከዜግነቱ ጋር የመጣ መሆን አለበት። እኔ መጽሐፍ ቅዱሱን ስንት ጊዜ አንብቤ ይህን ልብ ብዬ አላውቅም። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሰውየው የሕይወት ታሪክ በሙሉ ይታያል።

26ኛ ላይ አባትየው ተመለሰ። በተለይ 15ኛውን በስሙ ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀ። የልጁን ስም እንደማይቀይር አሳወቀና ስሙ እኛ ዘንድ እንዴት እንደደረሰ ጠየቀ። 27ኛዋ መለሰችለት። በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን በሰማዕትነት ያረፈው የአንጾኪያው ገላውዴዎስ ነው ያመጣው። በዓሉ ሰኔ 11 ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ፈረስ ጋልቦ ግማሹ ሰው ግማሹ አውሬ የሆነ ፍጡር ሲወጋ ይታያል። ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ገላውዴዎስም ከዚያው ስም ናቸው። በ1543 ወይና ደጋ ላይ ግራኝ አሕመድን ድል አደረጉ፤ በ1559 ከአሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ።

ከ28ኛው እስከ 31ኛው ሙሉ በሙሉ ሌላ መንገድ ነው። ጀርመን የሚኖር አንድ ሰው፣ ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስም ሲጠየቅ የአባቱን እንደሚጽፍ፣ ልጁ ደግሞ የአያቷን ይዛ መቅረቷን አነሳ። ሌሎችም የየራሳቸውን አወጉ። አንዱ የሮማውያኑ ይሻላል አለ፤ ሌላው በዚህ ተቆጣ። አወያዩ ገብቶ ወደ ርእሱ መለሳቸው።

32ኛው ጠየቀ፦ ኔሮንስ? እሱም ክላውዲዩስ አይደለም ወይ? 33ኛው በአጭሩ መለሰ። ሰውየው በልደቱ ዶሚቲዩስ ነው፤ በ50 ዓ.ም. ክላውዲዩስ ጉዲፈቻ ሲያደርገው ኔሮን ክላውዲዩስ ሆነ። ኔሮን የሚለው ግን ከእሱ በፊት ለዘመናት የክላውዲዩሶች አንድ ቅርንጫፍ መጠሪያ ነበር። ስዌቶኒዩስ በሳቢኖች ቋንቋ ብርቱና ታታሪ ማለት ነው ይላል። 10ኛው ወዲያው ብቅ ብሎ ለዚህኛው ደግሞ ማስረጃህ ምንድን ነው አለ። አወያዩ ለኔሮን ሌላ ርእስ ከፍቶላቸዋል፤ ክርክሩ እዚያ ቀጥሏል።